ሪህ
ሪህ (ስም)፦ በተለምዶ ጉልበት ሲቆረጥም፣ ወገብ ሲይዝ፣ ብርድ ሲመታ ሁሉ የሚጠራ ስም ነው። በሕክምና ግን ትርጉሙ ጠባብ ነው፤ በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሠርቶ የሚያስነሳው ብግነት ነው። ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ ድንገት፣ ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል፤ ጣቱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ አንሶላ እንኳ አያስነካም።

ዩሪክ አሲድ የሚገኘው ፒዩሪን የተባለ ንጥረ ነገር ሲፈርስ ነው። አብዛኛውን ሰውነት ራሱ ያመርተዋል፤ በዋናነት የሚያስወግደውም ኩላሊት ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በቁርጥ ማላከክ አያስኬድም። ዱለት፣ ጉበትና ቢራ ግን ያባብሱታል፤ ሽሮና ምስር የዚያን ያህል አያሰጉም።

ቤት ውስጥ የሚረዳው ውሃ መጠጣት፣ ክብደትን ቀስ በቀስ መቀነስና ያበጠውን በበረዶ ማቀዝቀዝ ነው። ከዕፅዋት ፍቱንነቱ የተረጋገጠው ኮልቺሲን ኮልቺኩም ከተባለ አበባ ይገኛል፤ መጠኑ ካለፈ ግን ይገድላልና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው ዩሪክ አሲዱን በዴሲሊትር ደም ከ6 ሚሊግራም በታች ለማውረድ እንደ አሎፑሪኖል ያለ መድኃኒት ያስፈልገዋል።