ጠጁም አጋፋሪ ነበረው፦ ስለ ሜዳ፣ ስለ ደጋፊና ስለ መጠጥ

ዛሬ ረዘም ያለች ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ቡና እስኪፈላ ድረስ አንብቧት።

ጉዳዩ ጨዋታ ባለ ቀን በየከተማው ሜዳ የምናየው ነገር ነው። ወጣቱ ሃይላንድ ይዞ ይገባል። ሲያዩት ውሃ ነው። አረቄም መልኩ ውሃ ስለሆነ ፈታሹ አይለየውም። ቢራው ደግሞ በር ላይ ካለው ግሮሰሪ ከጠዋት ጀምሮ ተጠጥቷል። ዳኛው ገና ፊሽካ ሳይነፋ ስድቡ ይጀመራል፤ መጀመሪያ ዳኛው፣ ቀጥሎ የዳኛው እናት፣ ከዚያ እንግዳው ቡድን፣ ሲመሽ ደግሞ እርስ በርስ። ከመካከላቸው የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች አሉ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ዓይናቸው ቀልቶ የምናገኛቸው እነሱን ነው።

ስትመክራቸው ሁለት መልስ አላቸው። አንደኛው "ቲቸር፣ መጠጥ እኮ ባህላችን ነው" የሚል ነው። ሁለተኛው "ኳስ ያለ መጠጥ አይደምቅም" ነው። ሁለቱም የታሪክ ጥያቄዎች ስለሆኑ በታሪክ እንመልሳቸው።

መጀመሪያ ባህል የሚለውን እንያዝ። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ አንኮበር አለችልን። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም ሸዋን ሲገዙ ግብር ይበላ ነበር፣ ጠጅና ጠላም ይፈስ ነበር። በ1833 ዓ.ም ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ስለዚያ ቤተ መንግሥት ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል። አንጎለላ ላይ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክም ይህንኑ ሥርዓት ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ይዘውት ሄደዋል። እስከዚህ ድረስ ልጆቹ እውነታቸውን ነው። መጠጥ በባህላችን ውስጥ ነበረ።

ግን እንዴት ነበረ? ግብር ላይ ማንም ዘው ብሎ አይገባም። በር ላይ አጋፋሪ አለ። ማን በየት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚገባ እሱ ያውቃል። ውስጥ አሳላፊ አለ፤ ጠጁን ከማቅረቡ በፊት ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ጠጅ የንጉሥና የመኳንንት ነው፤ ጭፍራው ጠላውን ይጠጣል። የበላና የጠጣ ተራውን ጠብቆ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ይህ ሥርዓት የእኩልነት ሥርዓት ነበር ማለቴ አይደለም፤ አልነበረም። ማለት የፈለግኩት ግን፣ የፈሰሰው መጠጥ ሁሉ ባለቤት ነበረው። አንድ ሰው ሲያጠፋ የሚጠየቅ ጋባዥ፣ በር ላይ የሚያስቆም አጋፋሪ፣ "ይብቃህ" የሚል ሰው ነበረ።

ቤተ መንግሥቱን ተዉት፤ መንደራችንን እንይ። የማኅበር ጽዋ ሲጠጣ ሙሴ አለ። ጸሎቱ ሳይደርስ ማንም አይቀምስም፤ ጨዋታው ከመስመር ሲወጣ ሙሴው ይገሥጻል። ጠላ ቤት እንኳ ብትሄዱ የምትቀዳው እናት ልጁንም የልጁንም እናት ታውቃለች። "አንተ ልጅ፣ በቃህ! እናትህ በር በሩን እያየች ነው" ብላ ጣሳውን ትነጥቃለች። ገንዘቡን ብታጣም ታደርገዋለች።

እንግዲህ ባህላችን ይሄ ነው። መጠጡና ተቆጣጣሪው አብረው ነው የኖሩት። እኛ ግን መጠጡን ይዘን ወደ ሜዳ ስንገባ አጋፋሪውንም፣ ሙሴውንም፣ ጠላ ሻጯን እናትም ውጭ ጥለናቸው ገባን። ከዚያ "ባህላችን ነው" እንላለን። ግማሹን ብቻ ይዞ ባህል ነው ማለት አይቻልም።

"ጨዋታ ላይስ?" ትሉኝ ይሆናል። አባቶቻችንም ደጋፊ ነበራቸው። የገናን ጨዋታ አስቡት። ሰፈር ከሰፈር፣ አገር ከአገር ተሰልፎ ሩሯን በገና ዱላ ሲያሳድድ ይውላል። ሜዳው ወሰን የለውም፣ የተጫዋቹም ቁጥር አይታወቅም። ዱላው እግርም ይሰብራል። በዚያ ዕለት ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባል ነበር። ድሃው ባለጠጋውን በግጥም ይሰድበዋል፣ ተሰዳቢውም ይስቃል። ነፃነቱ ከዛሬው ስታዲየም ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ልዩነቱ ሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፣ ነፃነቱ ልክ ነበረው፤ የገና ዕለት ተጀምሮ የገና ዕለት ያልቃል። በማግሥቱ ያንን ስድብ የሚደግም ሰው ይነወራል። ሁለተኛ፣ ድግሱ የአሸናፊው ወግ ነበር። ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ በየደጁ ይሄዳል፣ ባለቤቱም ያበላዋል፣ ያጠጣዋል። ጠላው የጨዋታው መደምደሚያ ሆኖ በሰው ቤት፣ በጋባዥ እጅ ይቀርብ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ እንሂድ። ኳስ ያለ መጠጥ አይደምቅም?

ብዙ ሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብን የቢራ ፋብሪካው ልጅ ይመስለዋል። ፋብሪካው የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም ነው። ክለቡ ደግሞ በ1928 ዓ.ም አካባቢ፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ አራዳ ውስጥ በወጣቶች ተመሠረተ። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተወዳደሩት 5 ቡድኖች ናቸው። የእንግሊዝ ጦር ቡድን፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ። እስኪ ራሳችሁን በዚያ ተመልካች ቦታ አስቀምጡ። ከ8 ዓመት በፊት ቅኝ ሊገዛህ የመጣ ሕዝብ ቡድን ከፊትህ እየተጫወተ ነው። ለዚያ ሰው ጨዋታው እንዲደምቅለት ምን መጠጥ ያስፈልገዋል? ጥር 1954 ዓ.ም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ስናነሳስ? ድምቀቱ የመጣው ከጨዋታው ትርጉም ነው፤ ከጠርሙስ አይደለም።

ታዲያ ቢራና ኳስ እንዲህ የተጋቡት መቼ ነው? ጋብቻው ቀስ እያለ የመጣ ነው። መታ ቢራ፣ ሐረር ቢራ እያልን በፋብሪካ ስም የምንጠራቸው ክለቦች ነበሩን። ያኔ ፋብሪካው የሠራተኛውን ቡድን ነበር የሚያቆመው። ነገሩ የተለወጠው ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ሲገቡ ነው። ቢጂአይ ቀድሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን ገዛ፤ ሄኒከን በ2003 ዓ.ም ሐረርንና በደሌን፣ ዲያጆ በ2004 ዓ.ም መታ አቦን ገዙ። ገበያው ጦፈ። የእኛዋ ደብረ ብርሃንም በ2007 ዓ.ም ሐበሻ ቢራን፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ ሁለተኛውን የዳሸን ፋብሪካ አገኘች። የደጋ ገብሳችን ገበያ አገኘ፣ ልጆቻችን ሥራ አገኙ፤ ይህን አልክድም፣ ደስም ይለኛል።

ግን ሁሉም ፋብሪካ ጠጪ ፈለገ። ወጣት ጠጪ የሚገኘው ደግሞ ኳስ ሜዳ ነው። የብሔራዊ ቡድናችን ስፖንሰር በቡድኑ ቅጽል ስም የተሰየመው ዋልያ ቢራ ሆነ። የኢትዮጵያ ቡና ማሊያ ሐበሻ ቢራን ይዞ ወጣ። ዳሸን ቢራ ራሱ ክለብ ሆኖ ፕሪሚየር ሊግ ተጫወተ። በእነዚያ ዓመታት ያደገ ልጅ ኳስንና ቢራን ለያይቶ አላያቸውም። "ኳስ ያለ መጠጥ አይደምቅም" የሚለው አባባል ከአያት የመጣ ጥበብ አይደለም፤ ከማስታወቂያ የመጣ ነው። ዕድሜውም ከእናንተ ከተማሪዎቼ ዕድሜ አይበልጥም።

መንግሥትም ነገሩን አይቶ በ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1112ን አወጣ። የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጣ። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ መሸጥም ተከለከለ። 21! እንግዲህ በር ላይ ካለው ግሮሰሪ ቢራ ይዞ የሚወጣው የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጅ ላይ ሕግ እየተጣሰ ነው ማለት ነው። አዋጁ ማስታወቂያውን አወረደ፤ የሻጩን እጅ ግን ገና አልያዘም።

ሌሎች አገሮችስ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ በ1980 በስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ሴልቲክ ሬንጀርስን 1 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ ሁለቱ ደጋፊዎች ሜዳ ውስጥ ገብተው በጠርሙስና በድንጋይ ተፋለሙ። ፈረሰኛ ፖሊስ ነው የለያቸው። በዚያው ዓመት ስኮትላንድ ስታዲየም ውስጥ መጠጥን በሕግ ከለከለች። እንግሊዝ ደግሞ በ1985 ተከተለች። ሜዳው እየታየህ መጠጣት ክልክል ሆነ፤ ደጋፊ በሚጫንበት አውቶቡስ ላይም እንዲሁ። ልብ በሉ፤ ይህን ያደረጉት መጠጥ የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም፣ መጠጥ ቤት የአገራቸው ምልክት የሆነ ሰዎች ናቸው። በተቃራኒው ብራዚል ከልክላው የነበረውን ቢራ ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ በፊፋ ግፊት መልሳ ፈቀደች። ኳታር ደግሞ በ2022 ጨዋታው ሊጀመር 2 ቀን ሲቀረው ከስታዲየሞቹ ቢራን አስወጣች፤ ዓለም ዋንጫው ግን ደምቆ አለፈ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ካልጨመርኩ ታሪክ አላስተማርኩም። ጥፋት ሁሉ የመጠጥ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1989 ሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰ መጨናነቅ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሞቱ። ፖሊስ "ሰክረው ነው" አለ፣ ጋዜጣም አስተጋባ። ቤተሰቦቻቸው 27 ዓመት ተከራክረው በ2016 ዳኞች "ደጋፊዎቹ ጥፋት የለባቸውም" ብለው ወሰኑ፤ ጥፋቱ ሕዝቡን በአግባቡ ያልመራው የፖሊስ አመራር ነበር። "ሰካራም ነው" የሚል ቃል እውነተኛውን ጥፋተኛ መደበቂያም ይሆናል ማለት ነው። በእኛም አገር በኅዳር 2010 ዓ.ም ወልድያ ከመቀሌ ሊያደርገው የነበረው ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ያንን ቢራ ነው ያመጣው የሚል ካለ ራሱን እያታለለ ነው። ያ ፖለቲካችን ወደ ሜዳ ገብቶ ነው። መጠጥ ጥላቻን አይፈጥርም፤ የነበረውን ጥላቻ ግን ያፈጥነዋል። ክብሪት ያለበት ቤት ውስጥ ጋዝ አይቀመጥም።

ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ያጠፋው ሰው ብቻ አይደለም። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በበቃንበት በጥር 2005 ዓ.ም፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት፣ የተወሰኑ ደጋፊዎቻችን ቩቩዜላና ዕቃ ወደ ሜዳ ወረወሩ። ካፍ የቀጣው ወርዋሪዎቹን አልነበረም፤ ፌዴሬሽኑን ነው። የትንሽ ከተማ ክለብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንድ ቅጣት፣ አንድ በዝግ ሜዳ የሚደረግ ጨዋታ የወር ደመወዝ ያስቀራል። የተጫዋቹ ልጅ ጾሙን ያድራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ፖሊስ ይብዛ አልልም። አጋፋሪያችንን እንመልስ ነው የምለው። የደጋፊ ማኅበራት አሉን፤ ከበሮና ጭፈራ የሚመሩ ልጆችን በስማቸው እናውቃቸዋለን። በር ላይ የሚቆም፣ ሃይላንድ ከፍቶ የሚያሸት፣ "አንተ ዛሬ አትገባም፣ ቤት ሂድ" የሚል ሰው ከእነሱ መካከል ይመረጥ። ፖሊስ ሲያስቆምህ ትሸሻለህ፤ ጓደኛህ ሲያስቆምህ ግን ታፍራለህ። ግሮሰሪዎችም ጨዋታው እስኪያልቅ ለተማሪ አይሽጡ፤ ሕጉም ይኸው አለላቸው። ከጨዋታ በኋላ ደግሞ፣ ዕድሜው የደረሰ ሰው እንደ ገና አሸናፊ ከወዳጁ ጋር ተቀምጦ በልኩ ይጠጣ፤ የሚከለክለው የለም።

ከእናንተ ከቀድሞ ተማሪዎቼ መካከል ዛሬ የደጋፊ ማኅበር የምትመሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ግሮሰሪ የከፈታችሁም አላችሁ፣ ፖሊስ የሆናችሁም አላችሁ። ጽሑፏ በተለይ ለእናንተ ናት። በሚቀጥለው የሜዳችን ጨዋታ በር ላይ ማን ይቁም? ስም ጥቀሱና ከታች ጻፉልኝ። ካልተስማማችሁም ተከራከሩኝ፤ ያለ ስድብ ብቻ።

ቸር ያሰማን!