ወረዳ እንደ ምርጫ ካርታ፦ የጋምቤላ ወሰኖች፣ ዕጩዎችና ፍርድ ቤቶች

የጋምቤላን ክልል ካርታ ያጠና ሰው ኢታንግ ለምን ብቻዋን ቀረች ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አኝዋሃ ዞን አለው፣ ኑዌር ዞን አለው፣ መዠንግርም እንዲሁ። በባሮ ዳርቻ የተዘረጋችው ኢታንግ ግን "ልዩ ወረዳ" ተብላ ተጠሪነቷ በቀጥታ ለክልሉ ነው። አኝዋሃ፣ ኑዌርና ኦፖ ተሰባጥረው ስለሚኖሩባት፣ ለአንዱ ዞን ብትሰጥ ሌላው እንደተነጠቀ ይቆጥረዋል። ይህን ያደረገ የምርጫ ሕግ አይደለም። ማን በየት ተወዳድሮ ሊያሸንፍ እንደሚችል በመወሰን ግን ከብዙ የምርጫ ሕግ አንቀጾች ይበልጣል።

በሕግ ደረጃ የምርጫ ክልል ወሰን ጌታው የታወቀ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ የምርጫ ክልሎችም በቆጠራው ውጤትና በፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔ መሠረት በምርጫ ቦርድ እንዲወሰኑ ይላል። አንቀጽ 54 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ከ550 እንዳይበልጥ ገድቦ ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን ያደርጋል። ችግሩ ሰዓቱ መቆሙ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሞ ቀርቷል። የምርጫ ክልል ወሰን የሚያሻሽለው ብዕር ቀለሙን ከየት ያመጣል?

በክልሎች መካከል ያለውን ድርሻ ብቻ ካየን ጋምቤላ የምታማርርበት ብዙ ምክንያት የላትም። በ1999ኙ ቆጠራ ሕዝቧ 306,916 ነበር፤ በተወካዮች ምክር ቤት 3 መቀመጫ አላት። ሲካፈል ለአንድ ተወካይ 102,000 ገደማ ሰው ይደርሳል። የአገሪቱ 73.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለ547 መቀመጫ ሲካፈል ደግሞ ለአንዱ 135,000 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የጋምቤላ ጥያቄ አዲስ አበባ ስንት ወንበር ሰጠችን የሚል አይደለም። ጠቡ ያለው በክልሉ ውስጥ ነው፤ መሣሪያውም ወረዳ ነው።

የዚህን ጠብ ሥር ለማየት የካርታውን ታሪክ በአጭሩ መከተል ይበቃል። ከሱዳን ጋር ያለው ድንበር በ1902 እ.ኤ.አ. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ ስምምነት ሲወሰን፣ መስመሩ የወንዞችን አቅጣጫ ተከትሎ የአኝዋሃንም የኑዌርንም መኖሪያ አቋርጦ አለፈ። ጋምቤላ ለረጅም ጊዜ በኢሉባቦር ሥር ያለ አውራጃ ነበረች፤ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት የራሷ አስተዳደር አካባቢ ሆነች፤ በሽግግሩ ዘመን "ክልል 12" ተባለች፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ከተዘረዘሩት ዘጠኝ ክልሎች አንዷ ሆነች። ያኔ ዞኖቿ የሚታወቁት በቁጥር ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በተፈጸመው ግድያ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኝዋሃዎች ካለቁ በኋላ በነበሩት ዓመታት ክልሉ እንደገና ተዋቀረ፤ ዞኖቹም የብሔረሰብ ስም ያዙ።

ቁጥሩ ደግሞ ራሱ የክርክር አጀንዳ ነበር። በ1987ቱ ቆጠራ ኑዌር 40 በመቶ ያህል፣ አኝዋሃ 27 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በ1999ኙ ኑዌር ወደ 46.6 ከፍ፣ አኝዋሃ ወደ 21.2 ዝቅ አሉ። የአኝዋሃ ፖለቲከኞች ከድንበር ማዶ የመጡ ሰዎች አብረው ተቆጥረዋል ሲሉ፣ ኑዌሮች ቁጥራቸው በሥልጣን ድርሻ እንዲንጸባረቅ ይጠይቃሉ። የማኅበረሰብ አንትሮፖሎጂ ተመራማሪው ደረጀ ፈይሳ በክልሉ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የሁለቱ ወገኖች የማንነት አስተሳሰብ ራሱ እንደሚለያይ ያሳያል፤ አኝዋሃ ማንነቱን ከመሬቱና ከመንደሩ ወሰን ጋር ሲያስተሳስር፣ ኑዌር ሌላውን በማቀፍና በማዛመድ ይሰፋል። ለአንዱ ወሰን ርስት ነው፤ ለሌላው ተንቀሳቃሽ ነገር። አንድ መስመር በዚህ ምድር ላይ ሲሰመር ሁለቱ ወገኖች አንድ ነገር አያዩም።

አሁን የኑዌር ዞን አምስት ወረዳዎች አሉት፦ ጂካዎ፣ ላሬ፣ አኮቦ፣ ዋንቱዋና ማኩዌይ። መንገሽ ከጎደሬ ወጥታ የመዠንግር ዞን ሁለተኛ ወረዳ ሆናለች። እያንዳንዱ አዲስ ወረዳ ካቢኔ፣ በጀት፣ ጽሕፈት ቤት፣ የወረዳ ምክር ቤትና የወረዳ ፍርድ ቤት ይዞ ይመጣል። ለፖለቲከኛ ትልቁ ስጦታ ግን ብዙኃን መሆን የሚቻልበት ሰፈር ነው።

ይህን በስሌት ማየት ይቀላል። የክልል ምክር ቤት ምርጫ በአንድ ምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ተወካይ ያስመርጣል፤ ድል የሚወሰነውም በአብላጫ ድምፅ ነው። ለምሳሌ አሥር ወንበር ባለው ወረዳ 60 በመቶው ለአንድ ወገን፣ 40 በመቶው ለሌላው ወገን ዕጩዎች ድምፅ ቢሰጥ፣ አሥሩም ወንበሮች ለስድሳዎቹ ናቸው። አርባዎቹ በሚበዙበት በኩል ወረዳው ለሁለት ቢከፈልና ክፍፍሉ የምርጫ ክልልም ቢሆን፣ አንድ ሰው መኖሪያ ሳይቀይር ውጤቱ ይቀየራል። በፓርቲ መድረክ ወንበር በብሔረሰብ ሲደለደል ደግሞ ዕጩ የመሆን ዕድል ራሱ በወረዳው መኖርና አለመኖር ይወሰናል። ሰው ወረዳ የሚጠይቀው ለመንገድና ለጤና ጣቢያ ብቻ አይደለም።

የቋንቋ ጉዳይም የዕጩነትን በር ይነካል፤ ጋምቤላ የሥራ ቋንቋዋ አማርኛ ነውና። ተመሳሳይ የሥራ ቋንቋ ባለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አያውቁም ተብለው ከውድድር የተሰረዙ ዕጩዎች ጉዳይ በ1995 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ዘንድ ደርሶ፣ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ለዕጩነት እንደሚበቃ ተወስኗል። ይህ ውሳኔ በጋምቤላ ከተማ "ደገኞች" ለሚባሉት ከሌላ አካባቢ ለመጡ ነዋሪዎችም ትርጉም አለው። በ1999 ዓ.ም. በክልሉ አማራ 8.4፣ ካፊቾ 5፣ ኦሮሞ 4.8 በመቶ ነበሩ፤ በዞኖቹ ስም ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም። የዕጩነት መብት አላቸው፤ በብሔረሰብ በተሸነሸነ ካርታ ላይ ድምፃቸው የሚጠራቀምበት ቦታ ግን ጠባብ ነው።

ፍርድ ቤቱስ? የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 በዕጩ ምዝገባና በውጤት ላይ ለሚነሡ ክርክሮች የፍርድ ቤት በር ከፍቷል። በ2013ቱ ምርጫ ዋዜማ የሰበር ሰሚ ችሎት የታሰሩ የባልደራስ ፓርቲ መሪዎች ዕጩ እንዲሆኑ ወስኗል። ከሐረሪ ክልል ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለብሔራዊ ጉባኤያቸው የመምረጥ ጥያቄም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጠያቂዎቹ ተሳክቶላቸዋል። ማን ይወዳደር፣ ማን ይምረጥ የሚለው ስለዚህ ዳኛ ፊት ይቀርባል። መስመሩ የት ይለፍ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ የፍርድ ቤት አይደለም። የማንነትና የራስ አስተዳደር ጥያቄም መጀመሪያ በክልሉ በራሱ ያልፋል፤ ስልጤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የራሱን መዋቅር ያገኘው በዚህ ረጅም ጎዳና ነው። በጋምቤላ ደግሞ ወረዳውን የሚከፍለው የክልሉ ምክር ቤት ስለሆነ፣ አቤቱታ የሚቀርብበት አካልና አቤቱታ የሚቀርብለት አካል አንድ ይሆናሉ።

ሌሎች አገሮች በዚህ ላይ የተለያየ መንገድ ይዘዋል። በአሜሪካ ቴነሲ ከ1901 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይነካ የቆየውን ካርታ የተቃወሙ ዜጎች በ1962 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳያቸው በዳኞች ሊታይ እንደሚችል ወሰነላቸው። ጎረቤት ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ 290 ምርጫ ክልሎች በ8 እና በ12 ዓመታት መካከል እንዲከለሱ ደንግጋለች፤ የሕዝብ ብዛት ልዩነቱም ለከተሞችና ሰው በተበታተነባቸው አካባቢዎች ከ40፣ ለሌሎች ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ገድባለች፤ በወሰኑ ቅር የተሰኘ በ30 ቀን ውስጥ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። በእርግጥ ናይሮቢም የክለሳ ቀነ ገደቡን አሳልፋለች። ልዩነቱ ግን እዚያ መዘግየቱ ራሱ ሊከሰስ የሚችል ጥፋት መሆኑ ነው።

ወሰን ከሁሉም ይበልጥ የሚነካው የአካባቢ ምርጫን ነው፤ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት የሚመረጠው በራሱ በወረዳውና በቀበሌው ውስጥ ነውና። በአገሪቱ የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ተራዝሞ ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫም የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች አልተመረጡም። በመካከሉ ኢታንግን ጨምሮ በርካታ አካባቢዎች በ2015 ዓ.ም. ግጭት አይተዋል፤ ከ300,000 የሚበልጡ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችም በክልሉ ይኖራሉ። ስደተኞቹ አይመርጡም፤ ነዋሪው ማነው የሚለው ክርክር ግን እነሱን ሳያነሣ አያልፍም። የአካባቢ ምርጫ ሲመለስ በጋምቤላ ከተማ በኒውላንድና በሌሎቹ ሠፈሮች መራጩ የሚመዘገበው ያለፈውን የምርጫ ዙር ወሰን ይዞ ነው ወይስ ከዚያ ወዲህ የተሰመረውን? ምርጫ ቦርድ ይህን የሚመልሰው ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት መሆን ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መልስ ለአንድ ወገን ዕጩ ያደላ ተደርጎ ይወሰዳል።