ከአፈሳ የተረፈ ኅትመት

በኦስሎ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡባቸው ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ የሄንሪክ ኢብሰንን የመጀመሪያ ኅትመት የሚጠይቅ ሰው ከባለ ሱቁ ጋር የሚነጋገረው ስለ ድርሰቱ አይደለም፤ ስለ ቅጂው ነው። ሽፋኑ የጥንቱ ነው ወይስ የተለወጠ? ገጽ ጎድሎበታል ወይ? ደራሲው ፈርሞበታል ወይ? በስንት ቅጂ ታትሞ ነበር? ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ አለ፤ እያንዳንዱም መልስ በክሮነር ይተመናል። የኖራን ታሪክ የሚተርከው የኢብሰን ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1879 ኮፐንሃገን ላይ በ8,000 ቅጂ እንደ ታተመና በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ተሽጦ እንዳለቀ የዚህ አገር ሰብሳቢ ሁሉ ያውቃል። ደራሲው ራሱ ለ27 ዓመታት ከአገሩ ውጭ የኖረ ሰው መሆኑን ግን ዋጋ ሲቆረጥ የሚያነሣው የለም።

በዚሁ ገበያ ከመጀመሪያው ኅትመት ሌላ «ውሱን ኅትመት» የሚሉት አለ። አሳታሚው አስቀድሞ ቁጥሩን ይወስናል፤ መቶ ወይም ሁለት መቶ ቅጂ በመልካም ወረቀት ያትማል፤ በእያንዳንዱ ላይ ተራ ቁጥር ይጽፋል፤ ደራሲውን ያስፈርማል፤ ከዚያ ወዲያ አላትምም ብሎ ቃል ይገባል። ገዢው የሚገዛው መጽሐፉንና ይህን ቃል ጭምር ነው። እጥረቱ ሆን ተብሎ የተመረተ ሸቀጥ ነው ማለት ይቻላል። ይህን የምንለው ለነቀፋ አይደለም። መጽሐፍን በእጁ ዳብሶ የሚደሰትን ሰው የሚነቅፍ፣ መጽሐፍ ወድዶ የማያውቅ ብቻ ነው።

ለነገሩ የእኛም አገር የብራና መጽሐፍ እያንዳንዱ የአንድ ቅጂ ኅትመት ነበር። ጸሐፊው ሥራውን ሲፈጽም ያስጻፈውን ሰው ስም ያኖርና፣ መጽሐፉን የሰረቀውን የፋቀውም ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን አውግዞ ይሰናበታል። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ በኅዳጉ ላይ ይመዘገባል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳትመዋል፤ እንግዲህ መጻሕፍትን የመቁጠርና የመጠበቅ ልማድ ከፈረንጅ የተዋስነው አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ላይ መሆኑን ደግሞ በስደት የምንኖር አንባብያን ፈገግ ብለን ልናስታውሰው ይገባል። የልብ ወለዳችን የመጀመሪያ ኅትመት የተወለደው እንደ እኛ በሰው አገር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንግባ። አንድ ኢትዮጵያዊ የሚወድደውን ደራሲ መጻሕፍት፣ በመጀመሪያ ኅትመታቸውና በብርቅ ቅጂዎቻቸው፣ ልሰብስብ ብሎ ቢነሣ ምን ያገኛል? በእኛ ትውልድ ሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ስም የበዓሉ ግርማ ስለ ሆነ፣ ነገሩን በእሱ መጻሕፍት እንመርምር።

ዝርዝሩ አጭር ነው። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962፣ «የኅሊና ደወል» በ1966፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው» በ1972፣ «ሐዲስ» እና «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ስድስት ልብ ወለዶች ናቸው። አንድ መደርደሪያ እንኳ አይሞሉም። በመርካቶ መጽሐፍ ተራ ወይም ከመጽሐፍ አዟሪዎች ዘንድ የኋለኞቹን ኅትመቶች ማግኘት አያዳግትም። ሰብሳቢውን የሚያደክሙት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በተለይ ሁለቱ ለታሪክ ተማሪ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ።

አንደኛው «የኅሊና ደወል» ነው። በዓሉ ይህን መጽሐፍ ካሳተመ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እንደ ገና ጽፎ «ሐዲስ» ብሎ አወጣው። በሁለቱ ኅትመቶች መካከል ዘውዱ ወድቋል፣ መሬት ታውጇል፣ ቀይ ሽብር አልፏል፤ ደራሲው ራሱም ከጋዜጣ አዘጋጅነት ተነሥቶ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሆኗል። «ሐዲስ»ን ብቻ ያነበበ ሰው አንድ ልብ ወለድ አንብቧል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መስመር በመስመር የሚያስተያይ ግን ሌላም ነገር ያያል፤ አንድ ደራሲ በሁለት ሥርዓቶች ሥር ስለ አንድ ወጣት መምህር ሁለት ጊዜ ሲያስብ፣ ምን እንደ ጨመረ፣ ምን እንደ ተወ፣ የትኛውን ቃል እንደ ለወጠ። ይህን ሥራ ለመሥራት «የኅሊና ደወል» በእጅ መኖር አለበት። «አዲሱ ካለ አሮጌው ምን ያደርጋል?» ለሚሉን ወዳጆቻችን መልሳችን ይኸው ነው።

ሁለተኛው «ኦሮማይ» ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን ሲከፍት በዓሉ ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አስመራ ከዘመቱት ባለሥልጣናት አንዱ ነበር። ያየውን በጋዜጠኛው በፀጋዬ ኃይለማርያም አፍ አድርጎ ጻፈው። መጽሐፉን ያሳተመው በምስጢር የሚሠራ የተቃዋሚ ማተሚያ አልነበረም፤ መንግሥታዊው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ጥቂት ጊዜም ሳይቆይ ታገደ፣ ከየመደብሩ ታፈሰ። ያሳተመው መንግሥት ነው፤ ያፈሰውም መንግሥት ነው። ደራሲው ከሥልጣኑ ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መኪናው በቃሊቲ መንገድ ቆማ ተገኘች። ስለ እሱ እስከ ዛሬ መቃብሩ ይህ ነው ብሎ ያሳየ የለም።

እንግዲህ «ኦሮማይ» ከአፈሳው በፊት የተሸጠው ያ ጥቂት ቅጂ ምን ሊባል ነው? በኦስሎ ገበያ ቋንቋ ውሱን ኅትመት ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ነውና። ቁጥሩን የወሰነው ግን አሳታሚው አይደለም፤ ደራሲውም አልፈረመበትም፤ ዳግመኛ አይታተምም የሚለውን ቃል የገባው የጸጥታ ኃይል ነው። ከዚያም መጽሐፉ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር፤ እያንዳንዱም ቅጂ ያለ ተራ ቁጥር ልዩ ኅትመት ሆነ።

እዚህ ኦስሎ በስደተኞች መካከል የሚገኝ አንድ የ1975 ቅጂ እናውቃለን። ሽፋኑ የለም። በምትኩ ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ወፍራም ወረቀት ተሰፍቶበታል፤ በጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈም። በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ፣ ሰው ስሙን በሚጽፍበት ቦታ፣ ወረቀቱ በምላጭ ተቆርጦ ጠባብ መስኮት ሆኗል። ገጾቹ በጣት ብዛት ለስልሰው ጠርዛቸው ጨርቅ መስሏል። ከላይ የጠቀስነው ባለ ሱቅ ይህን ቢያይ «የተጎዳ ቅጂ» ብሎ ወደ ጎን ያኖረዋል፤ በሙያው ሕግ ትክክል ነው። እኛ ግን ከዚያች ከተቆረጠች መስኮት ብዙ እናነባለን። አንድ ሰው መጽሐፉን የራሴ ነው ብሎ ስሙን ጻፈ፤ በኋላ መጽሐፉ ቢያዝ ስሙ እንዳይያዝ ቆረጠው፤ ይሁንና መጽሐፉን አልጣለም። ስሙን ጥሎ መጽሐፉን አስቀረ። ንጹሕና ባለ ሙሉ ሽፋን የ1975 «ኦሮማይ» ዛሬ ቢገኝ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ይሆናል፤ እኛ ግን ሁለቱን አቅርበው ምረጡ ቢሉን የትኛውን እንደምናነሣ አንባቢ አያጣውም።

ይህ ዕጣ የበዓሉ ብቻ አይደለም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. እንደ ወጣ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ታግዷል፤ ዳግመኛ በይፋ የታተመው ዘውዱ ከወደቀ በኋላ ነው። ደራሲውም ወደ ኢሉባቦር ተግዞ ነበር። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ በሲጋራ መጠቅለያ ወረቀቶች ላይ ተርጉሞ፣ በሚፈቱ እስረኞች እጅ በጥቂት በጥቂቱ አስወጥቶ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለኅትመት ማብቃቱም ይታወቃል። ሥርዓቶቹ በስምና በመፈክር ይለያያሉ፤ መጽሐፍን ብርቅ በማድረግ በኩል ግን አንዱ ከሌላው የተማረ ይመስላል።

በዚህ ከተማ የምንኖር ሰዎች ይህን ስናስብ ከዐይናችን የማይጠፋ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኬቲ ፓተርሰን የተባለች የስኮትላንድ ሠዓሊ ከኦስሎ በስተ ሰሜን በሚገኘው በኑርማርካ ደን 1,000 የጥድ ችግኞች አስተከለች። በየዓመቱ አንድ ደራሲ ማንም ያላነበበውን ድርሰት ያስረክባል፤ ድርሰቶቹ እ.ኤ.አ. በ2114 ከእነዚያ ዛፎች በሚሠራ ወረቀት ላይ ይታተማሉ። ማርጋሬት አትዉድ የመጀመሪያዋ ናት፤ የዚምባብዌዋ ሲሲ ዳንጋሬምብጋም ከሰጡት መካከል ናት። ድርሰቶቹ በዳይክማን ዋና ቤተ መጻሕፍት የላይኛው ፎቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በተከፈተ አንዲት የእንጨት ክፍል ውስጥ በመሳቢያ ተቆልፈዋል። ለባለ ገንዘብ ደግሞ 1,000 የምስክር ወረቀቶች ተዘጋጅተዋል፤ የያዘ ሰው፣ ይልቁንም የልጅ ልጁ፣ የመጻሕፍቱን ሙሉ ስብስብ ይወስዳል።

ክፍሏ ውብ ናት፤ ሐሳቡም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መቶ ዓመት እንዳይነበብ በፈቃዱ የሚስማማ ደራሲ፣ መቶ ዓመት የሚቆም ቤተ መጻሕፍትና መቶ ዓመት የማይቃጠል ደን አለኝ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ይህ እምነት ከማንኛውም ውሱን ኅትመት የበለጠ ብርቅ ሀብት መሆኑን የዚህ አገር ተወላጅ ላያስተውል ይችላል። በዓሉ ግን መጽሐፉ በዚያው ዓመት፣ ዘመቻው ገና ትኩስ ሳለ፣ ዘማቹና የዘማቹ እናት እንዲያነቡት ነበር የጻፈው።

ከደርግ ውድቀት በኋላ «ኦሮማይ» በይፋ ተደጋግሞ ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ትርጉም በእንግሊዝኛ ወጥቶ በዓለም ገበያ ይሸጣል። ስለዚህ ቃሉ የመጥፋት አደጋ የለበትም። አደጋው ያለው በቅጂዎቹ ላይ ነው። የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያለውን ሁሉ በዲጂታል ሲያስቀምጥ ቆይቷል፤ በአገሩ የሚታተመውንም በሕግ ይቀበላል። አዲስ አበባ ታትሞ በሻንጣ ኦስሎ የገባ የአማርኛ ልብ ወለድ ግን በዚህ ሕግ አይጠቃለልም። ማንም የመቀበል ግዴታ የለበትም። ባለቤቱ በስደት ሲያርፍ፣ ፊደሉን የማያነቡ ልጆች ወይም ቤቱን የሚያስረክቡ የሥራ ባልደረቦች ካርቶኑን ከአሮጌ ዕቃ ጋር ይጥሉታል። በ1975 ከአፈሳ የተረፈ መጽሐፍ በኦስሎ ቆሻሻ መጣያ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው፤ ያውም ማንም በክፋት ሳያስብ።

በእኛው መካከል በዚህ ላይ ክርክር አለ። አንዳንዶቹ ወዳጆቻችን እንዲህ ያለውን ቅጂ በፕላስቲክ ጠቅልለው በቁልፍ ያኖራሉ፤ እንኳን ለማዋስ ለማሳየትም ይሰስታሉ። ስስታቸው ይገባናል፤ የተዋሰ መጽሐፍ መንገዱን እንደሚስት ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሆኖም መኖሩ የማይታወቅ ቅጂ ለታሪክ ከታፈሰው ቅጂ በምን ይለያል? ሌሎች ሁሉም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ወመዘክር ወይም ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይላክ ይላሉ። እኛ ከሁለቱም በፊት መደረግ ያለበት ሥራ አለ ባይ ነን፤ መዝገብ። ሰብሳቢው ቅጂውን ይያዝ፤ ነገር ግን የቅጂው ታሪክ ይጻፍ። ኖርዌያዊው ሬይዱልፍ ሞልቬር እ.ኤ.አ. በ1997 «ጥቁር አንበሶች» በሚል ርእስ የደራሲዎቻችንን የሕይወት ታሪክ፣ የበዓሉንም ጭምር፣ ሰብስቦ በእንግሊዝኛ አሳትሟል። ለደራሲዎቹ የተደረገው ለመጻሕፍቱ ገና አልተደረገም፤ ይህንም እንደ ገና የሌላ አገር ሰው እንዲሠራልን መጠበቅ አይገባንም።

ስለዚህ በኦስሎም ሆነ በሌላ ከተማ የበዓሉን የመጀመሪያ ኅትመት የያዘ አንባቢ ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች የሚከተለውን ጽፎ እንዲልክ እንጠይቃለን፦ መጽሐፉ የት፣ በምን ዓመት፣ በስንት ብር ተገዛ፤ ማን አዋሰው፣ ማን ሳይመልሰው ቀረ፤ ሽፋኑ የጥንቱ ነው ወይ፣ ካልሆነ በምን ተለበጠ፤ በየትኛው ገጽ ኅዳግ ላይ ምን ተጽፏል፤ ድንበር ሲሻገር በምን ውስጥ ተደብቆ ነበር። የባለቤቱን ስም አንፈልግም። የተቆረጠ ወይም የተፋቀ ስም ካለ ግን ስፋቱና ቦታው ይገለጽልን።