ከእንጦጦ አፋፍ ወደ ፍልውሃ የመውረድ ዜና

ንጉሥ ምኒልክ ሸዋን ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ በ1870ዎቹ፣ ከተማቸው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበረች። የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናትም በዚያው ዘመን ታነጹ። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚልቅ በመሆኑ ጠላትን ከሩቅ ያሳይ ነበር። ነገር ግን ነፋሱ ብርቱ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጥዱም ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ስለተቆረጠ እየራቀ ሄደ።

ከተራራው ግርጌ ግን ፍልውሃ ይፈልቅ ነበር። በሜዳውና በኮረብታው ግርጌ ጉለሌና የካን የመሳሰሉ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ይኖሩ ነበር፤ አገሩንም ፊንፊኔ ይሉታል። መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ለመታጠብና ከሕመማቸው ለመፈወስ ከአፋፉ እየወረዱ በድንኳን ይሰነብቱ ጀመር። በእንግሊዝ አገርም ብራይተን የተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ከጊዜ በኋላ ንጉሥ የሆነው ጆርጅ 4ኛ ለባሕር መታጠቢያ ቢመላለስባት ታላቅ ከተማ ሆናለች። ባሕር ከእንጦጦ እጅግ ሩቅ ነው፤ ለሸዋ ቤተ መንግሥት የምንጩ ዳር ያንኑ ሥራ ሠራ።

በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ሐረር ዘምተው ሳለ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል በፍልውሃው አጠገብ ሰነበቱ። ከዚያ በፊት ያላዩትን አበባ አይተው ስፍራውን አዲስ አበባ እንዳሉት ይነገራል። እርሳቸው ቤት ካሠሩ በኋላ መኳንንቱም እየተከተሉ ሠፈሩ፤ ለየሰዉ በየማዕረጉ ቦታ ተመራ፤ ድንኳኑ ጎጆ፣ ጎጆውም አጥር ያለው ግቢ ሆነ። ለመታጠብ የወረደው ሕዝብ ተመልሶ ወደ ብርዱ መውጣት እየከበደው ሄደ።

ቢሆንም የዘውዱ ክብር ለተራራው ቀረ። አፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ በኋላ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ ምኒልክን ንጉሠ ነገሥት ብለው ቀብተው ዘውድ የጫኑላቸው በእንጦጦ ማርያም ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ጣይቱ እቴጌ ተባሉ።

ከዚህም በኋላ ከተማይቱ ታች ሰፋች፤ የእንጨት ችግርም ተከትሏት ወረደ። ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስኪያስቡ ድረስ ጭንቁ በረታ። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ እያደገ የተራቆተውን ኮረብታ መልሶ አለበሰው። እንጨቱን በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ግን ስማቸው በዜና መዋዕል አልተጻፈም። ከተማይቱ በእነርሱ ጀርባ የበሰለ እንጀራ ስትበላ ኖራለችና ሊጻፍ ይገባ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. በኮረብታው የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ አሁን ሰው ለመዝናናት የሚወጣው ወደ ላይ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለውን የምኒልክን ቤተ መንግሥትና ሙዚየሙን ሳያይ አይመለስ፤ ጊዜ ያለውም በምሥራቅ በኩል በየካ ኮረብታ ላይ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራውን፣ ከከተማይቱ እጅግ የሚቀድመውን የዋሻ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ይጎብኝ።