የውርስ ዳኝነትና የባለጉዳይ ፈቃድ

ሟች የተወው ቤት በየትኛው ሕግ ይከፈል? ንጉሣዊው መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 62፣ ለቃዲዎችና ለናይባዎች ምክር ቤቶች የሙስሊሞችን ጋብቻ፣ ወቅፍ፣ ኑዛዜና ውርስ የመዳኘት ሥልጣን ሰጠ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁሉም አንድ የውርስ ሥርዐት ቢደነግግም፣ ምክር ቤቶቹ ሥራቸውን አላቋረጡም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 34 አዲስ ሚዛን አመጣ፤ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ሆነ። በዚሁ መሠረት አዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ እርከን አዋቀረ። ፈቃዱን የነፈገ ተከራካሪ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፍለታል፤ መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ሳይቀርብ የቀረ ግን እንደ ፈቀደ ይቆጠራል።

ይህ ድንጋጌ የተፈተነው በአንዲት ሴት የውርስ ክርክር ነበር። ሴትዮዋ በሸሪዓ መዳኘትን እንደማትፈቅድ ብታመለክትም፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹ ተቃውሞዋን አልፈው ፈረዱ። በ1996 ዓ.ም. ጉዳዩን የተመለከተው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ፍርዱን ሻረው።

እንግዲህ ከድርሻው ልክ አስቀድሞ የሚጠየቀው የባለጉዳዩ ፈቃድ ነው። እርሱ ከሌለ የቃዲው ፍርድ፣ የቱንም ያህል ከኪታቡ ቢስማማ፣ አይጸናም።