ውኃ ያልከበበው ደሴት

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ከአዳማ አብረን እንነሣ። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሳያነሣ በማለዳ ወጣንና አዋሽ መልካሳ ላይ ወንዙን ተሻገርን፤ ከዚያም ኢተያን አልፈን ወደ አሰላ ሽቅብ ስንወጣ ሙቀቱ ቀረና ጭላሎ ራስጌው በደመና ተሸፍኖ በግራችን ታየ፤ ከዚያም በቆጂ፣ ዶዶላ፣ ዲንሾ፣ ከዚያም ጎባ። ከጎባ በላይ፣ ከ4,000 ሜትር ከፍ በሚለው ሳነቴ፣ ጋቢ የያዘ ተከናነበ፣ ያልያዘ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ፤ ማዶውን ቁልቁል ስንወርድም ሐረና ደን ተቀበለን።

እስስት የምትኖረው እዚህ ነው። አንድ እግሯን ታነሣለች፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ትወዛወዛለች፣ ከዚያም ቀስ ብላ ታሳርፈዋለች፤ አንዱ ዓይኗ ሰውን ሲያይ ሌላው ዝንብ ይፈልጋል። ከባሌ ተራሮችና ከአካባቢያቸው ውጭ የማይገኙ ቢያንስ ሁለት የእስስት ዝርያዎች አሉ፤ የአንደኛው ወንድ አፍንጫው ላይ ጥንድ ቀንድ አለው፣ በሐረና የተሰየመው ሌላው ቀንድ የለውም።

ብርድ ለለመደ ፍጡር ከአዳማ እስከ ዝዋይ የተዘረጋው ሞቃት ሜዳ ባሕር ነው፣ ተራራውም ደሴት። ከዘመድ ተነጥሎ ትውልድ በትውልድ ሲተካ ለቦታው የሚስማማው ይተርፋል፣ መልኩም ጠባዩም ይለያል። የቆላ እስስቶች እንቁላላቸውን አፈር ውስጥ ይቀብራሉ፤ የደጋ አፈር ግን ስለሚቀዘቅዝ ብዙ የተራራ እስስቶች ሽላቸውን በሆዳቸው ይዘው ፀሐይ እየሞቁ ይቆዩና ልጅ ይወልዳሉ።

ለውጡ አንዳንዴ በሰው ዕድሜ ይታያል። በ1971 እ.ኤ.አ. በክሮኤሺያ ባሕር 5 ጥንድ እንሽላሊቶች ከአንዲት ትንሽ ደሴት ወደ ጎረቤቷ ተወሰዱ፤ ከ30 ዓመታት በላይ ቆይተው ተመራማሪዎች ሲመለሱ ዘሮቻቸው ቅጠል በብዛት የሚበሉ ሆነው፣ ጭንቅላታቸው ገዝፎ፣ ንክሻቸው በርትቶ፣ አንጀታቸውም ቅጠሉን አቆይቶ የሚያላምበት ክዳን አውጥቶ ተገኙ።

እነዚያስ የደረሱበት ደሴት የሚበላ ነበረው። ሐረና ከተመነጠረ ግን እስስቷ ወዴት ትሄዳለች? ሽቅብ ብትሸሽ ሳነቴ ላይ ከጅብራ በቀር ዛፍ የለም፣ ቁልቁል ብትሸሽ ቆላው አለ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ምዝገባ ብቻውን ግን መጥረቢያ አይመልስም። እናንተም በዚያ ስታልፉ እስስት መንገድ ስታቋርጥ ካያችሁ ድንጋይ አታንሡባት፤ ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ቀስ በል» በሉት፣ ትለፍ።