የአጼ ቴዎድሮስ እናት የማን ልጅ ነበሩ?

ውጭ አገር ያላችሁ የቻናሉ ተከታታዮች ይህን ጥያቄ በደንብ ታውቁታላችሁ። ባንክ ስትደውሉ ወይም አንዳንድ የመንግሥት ቅጽ ስትሞሉ «የእናትዎ ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም» የሚል ነገር ይመጣል። ሐበሻ እዚህ ጋ ሲደርስ ይቆማል። አንዱ የእናቱን ስም ይጽፋል፣ ሌላው የእናቱን አባት ስም፣ ሌላው ደግሞ ግራ ገብቶት የራሱን አባት ስም ይደግማል። የአንድ እናት ልጆች ሦስት ዓይነት መልስ ጽፈው ሲገኙ ፈረንጁ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ቅጹ የተሠራው ሴት ስታገባ ስሟን ለምትለውጥበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ጥሩወርቅ ውቤ የንጉሠ ነገሥት ሚስት ሆነውም የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ጣይቱ ብጡል ምኒልክን አግብተው «ጣይቱ ምኒልክ» አልተባሉም። መነን አስፋውም እንዲሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «የቤተሰብ ስም» የሚባለውን ነገር ሊያስለምደን ሞክሮ ነበር፤ ያገባች ሴት ግን የራሷን ስም ይዛ እንደምትቀጥል ራሱ ሕጉ ደንግጓል። የቤተሰብ ስሙ ነገር ደግሞ ወረቀት ላይ ቀረ።

እንግዲያው ለእኛ ሰው የሴት አያቶቹን ዘር መቁጠር ሊቀለው ይገባ ነበር። አልቀለለውም። የእኛ ሴት ስሟን የምታጣው በጋብቻ ሳይሆን በልጆቿ ነው። ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ የልጅ ልጅ የአባቱንና የአያቱን። ሁለት ትውልድ ሲያልፍ እናት ከስም ዝርዝሩ ጨርሳ ትወጣለች። አሁኑኑ ሞክሩት፦ የአባታችሁ እናት ማን ይባላሉ? እሺ፣ የእሳቸው እናትስ? የእሳቸው እናት አባትስ? እስከ ሰባት ቤት አባት ቆጥሮ የማይሳሳት ሰው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝም ይላል።

ይህ የቤተሰብ ወግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት። በዚህች አገር የአንዲት እናት ዘር ክርክር ጦር አማዟል፣ ሰው አሳስሯል። ነገሩ የተጀመረው ደምቢያ ላይ ነው።

የዛሬዋ ቆላ ድባ የደምቢያ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ፣ ወደ ጣና ዳር ስትወርዱ መንገድ ላይ ታገኟታላችሁ። የደምቢያ ሜዳ የጎንደር ጎተራ ነበር። በ1830ዎቹ ዓ.ም. ይህን አገር ከነቋራውና ከነጭልጋው የያዙት እቴጌ መነን ሊበን አመዴ፣ የራስ አሊ እናት ነበሩ። ግዛቱ «የማሩ ቀመስ» ይባል ነበር፤ ቀድሞ በያዙት በደጃዝማች ማሩ ስም መሆኑ ነው። በቆላው በኩል ደግሞ የሸፈተ አንድ የቋራ ልጅ አለ፤ ካሳ ኃይሉ። እነ ራስ አሊ ልጁን በዝምድና ለማሰር ብለው የአሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። እንግዲህ ካሳ ለመነን የልጅ ልጃቸው ባል ነው። ሆኖም በቤተ መንግሥታቸው የሚጠራበት ስም ሌላ ነበር፦ «የኮሶ ሻጭ ልጅ»።

የዛሬ ልጆች የስድቡ ክብደት ላይገባቸው ይችላል። ኮሶ የትል መድኃኒት ነው፤ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ሁሉም ይጠጣዋል፣ መሸጡ ግን የመጨረሻ ድሃ ሴት ሥራ ነበር። ስድቡ ካሳን አልፎ እናቱን ወይዘሮ አትጠገብን ይነካል። ባልና ሚስት ተለያይተው እናት ልጃቸውን ይዘው ወደ ጎንደር መጡ፣ አባት ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ሲሞቱ የአባት ዘመዶች ንብረቱን ተከፋፍለው እናትና ልጅን ባዶ እጅ አስቀሩ፣ እናትም ኮሶ ሸጡ፤ ታሪኩ እንዲህ ነው የሚነገረው።

መነን ካሳን እንዲይዝ የላኩት ደጃዝማች ወንድይራድ ደግሞ የኮሶ ሻጯን ልጅ አስሬ አመጣለሁ ብሎ ፎከረ። ተሸነፈ፣ ተማረከም። ካሳ እራት ሰዓት ላይ ኮሶ አስበጥብጦ አቀረበለት ይባላል፤ እናቴ ዛሬ ገበያው አልቀናቸውም፣ እህል ስለሌለ ይህንኑ ጠጣ ብሎ። በሰኔ 1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንም ራሳቸው ተማረኩ።

ይህን የወንድይራድ ታሪክ እንደ ማስረጃ የሚያቀርቡ አሉ። ካሳ ራሱ አምኗል፣ እናቴ ብሏል ይላሉ። እኔ እንዲህ ዓይነቱ ንባብ ያስቀኛል። ሰው የተሰደበበትን ቃል አንስቶ ሰዳቢውን ሲያጠጣው ምስክርነት መስጠቱ አይደለም፣ መበቀሉ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ሌላ የዘር ቆጠራ አለ። በዚህኛው ወይዘሮ አትጠገብ የወንድበወሰን ልጅ፣ የራስ ወዳጆ የልጅ ልጅ፣ በእናታቸውም ከበጌምድር መኳንንት የሚወለዱ ናቸው። በአባት በኩል ደግሞ ቴዎድሮስ ከአጼ ፋሲል ዘር ይቆጠራሉ። ጳውሎስ ኞኞን የመሳሰሉ ጸሐፊዎች የኮሶውን ነገር የጠላት ወሬ ነው ብለው ጥለውታል።

የትኛው ነው ልክ? ብዙ ሰው መልሱን የሚመርጠው ለቴዎድሮስ ባለው ፍቅር ልክ ነው። የሚወዳቸው መኳንንት ያደርጋቸዋል፤ ሌላው የሚወዳቸው ደግሞ ከምንም ተነስተው ንጉሥ ሆኑ ለማለት ኮሶውን ይመርጣል። ሁለቱም እናቲቱን አይደለም የሚፈልጓቸው።

አባቶቻችን ግን እንዲህ ያለውን ክርክር የሚፈትሹበት መንገድ ነበራቸው፤ የርስት ሙግት። በጎጃምም በጎንደርም ርስት የሚወረሰው በአባትም በእናትም በኩል ነው። አንድ ሰው መሬት ለመጠየቅ ከመሬቱ ዋና አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ አንድ በአንድ ቆጥሮ መድረስ አለበት፤ በመሃል ሴት ካለች እሷም የማን ልጅ እንደሆነች መነገር አለበት። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ስለ አማራ የመሬት ይዞታ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጎጃም ዳሞት ላይ ገበሬው በዚህ ሙግት ምን ያህል የተካነ እንደነበር በዝርዝር ጽፏል። ፈረንጆቹ «ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም» ብለው የሚጨነቁበት ነገር እኛ ጋ የነበረው እዚህ ነው፤ የቅድመ አያት አባት ስም በጥማድ መሬት ይለካ ነበር።

ዋናው ነገር ግን ተሟጋቹ ነው። አንተ ቅድመ አያቴ የእከሌ ልጅ ናት ስትል፣ ማዶ የተቀመጠው ሰው ያንኑ ዘር እንዳንተው ያውቃል፤ ብትረታው መሬቱን ያጣል። ስለዚህ እያንዳንዷን አንጓ ይፈትሻል። ይቺ ሴት የእንጀራ ልጅ ናት እንጂ አልተወለደችም ይላል። የጡት ልጅ ናት ይላል። ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፣ አንተ የምትቆጥረው የመካኗን ነው ይላል። ሽማግሌ ይጠራል፣ እማኝ ይምላል። ይህን ሁሉ አልፎ የቆመ ስም ቢያንስ በእሳት የተፈተነ ነው። ውሸት አይነገርበትም አላልኩም፤ ያለ ተቃዋሚ አይነገርበትም ነው የምለው።

የወይዘሮ አትጠገብን ጉዳይ ወደዚህ ችሎት እናምጣው። የኮሶው ወሬ የመጣው ከእነ መነን ወገን ነው፤ ካሳን ማሳነስ ጥቅማቸው ነበር። ከፋሲል የሚያደርሰው ቆጠራ ጎልቶ የወጣው ከየካቲት 1847 ዓ.ም. በኋላ፣ ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ከተጫነ በኋላ ነው፤ ንጉሥን ማክበርም ያበላል። ሁለቱም ምስክሮች ጥቅም አላቸው። ጥቅም ያላቸው ሁለት ተቃራኒ ወገኖች የማይጣሉበት ነገር ካለ ግን እሱን መያዝ ነው። ጠላቶቹም ወዳጆቹም የእናቲቱን ስም አትጠገብ ይላሉ፤ ጎንደር ላይ ልጃቸውን ያለ አባት ማሳደጋቸውም አላጣላም። የወንድበወሰንን ስም የሚሽር ሌላ አባትም ከማዶ ሲቀርብ አላየሁም። ከዚያ በላይ ያለው፣ ራስ ወዳጆም ሆነ ኮሶው፣ በእርሳስ የሚጻፍ ነው። ደግሞስ ሁለቱ የግድ ይጣላሉ እንዴ? በዘመነ መሳፍንት የመኳንንት ልጅ መደኽየት ብርቅ አልነበረም።

ስም ላይ ሳለን አንድ ነገር ልጨምር። «ወንድበወሰን» የድሮ የጀግና ስም ነው፣ ወንድ በድንበር ላይ እንደማለት። አንዱ ጸሐፊ «ወንድ በወሰን» ብሎ ቢነጥለው፣ ሌላው በዛሬው ልማድ «ወንድወሰን» ብሎ ቢያሳጥረው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ሁለት አያት ሊያገኝ ይችላል። የክርስትና ስም ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። እቴጌ ምንትዋብን ውሰዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። እኒያ እቴጌ ስለሆኑ ሦስቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸው ተጽፎ ቀረ። ለቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሰጠች አንዲት የጣና ዳር ባለርስት ግን ብራናው ላይ የምትገኘው ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሚካኤል ተብላ ነው፤ ልጆቿ የሚያውቋት በዓለም ስሟ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የባሏ ስም፣ የአጥቢያው ስም፣ ተዝካሯ የሚወጣበት ቀን ነው። ስም ከስም ብቻ ማመሳከር ያሳስታል።

ምንትዋብን ካነሳን፣ አባታቸው ደጃዝማች መንበር የደምቢያ ሰው ናቸው። ሆኖም ታሪክ እሳቸውንም ወገኖቻቸውንም «ቋራ» ይላቸዋል። በአባት ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን እንዴት እንደሚያስታርቀው እንጃ።

ወደ ቴዎድሮስ እንመለስ፤ የእናትየው ነገር በወንድይራድ ኮሶ አላበቃምና። ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ ቤተ እስራኤልን ለማስተማር ወደ ደምቢያና ጎንደር መጥቶ ነበር፤ ማኅበሩ ደምቢያ ውስጥ ጀንዳ ላይ ጣቢያ ነበረው። ስተርን እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፉ የንጉሡ እናት ኮሶ ይሸጡ እንደነበር ጻፈ። በ1856 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከንጉሡ ጋር ተጣልቶ ክፉኛ ተገረፈ፣ ሁለት አገልጋዮቹም ተደብድበው ሞቱ። ቀጥሎ ወረቀቱ ተበረበረ፣ የጻፈው ተተርጉሞ ተነበበ፣ ተከሰሰበትም። ካሳ በወንድይራድ ላይ የቀለደበትን ነገር ንጉሠ ነገሥቱ ከፈረንጅ አፍ ሲሰሙት መቀለድ አልቻሉም። ስተርን ከቆንስል ካሜሮንና ከሌሎቹ ጋር በእግር ብረት ሰነበተ፤ እንግሊዝ እነሱን ላስፈታ ብላ ጦር ላከች፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጦርነቱ በኮሶ ምክንያት መጣ ማለቴ አይደለም። የቪክቶሪያ መልስ ያላገኘው ደብዳቤ ይበልጥ ከባድ ነው። ነገር ግን ከታሳሪዎቹ የአንዱ ክስ ላይ ያች ዓረፍተ ነገር አለች።

ዛሬ ይህን የማነሳው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። በየማኅበራዊ ሚዲያው የቴዎድሮስን እናት አንዱ ከዚህ ብሔር፣ ሌላው ከዚያ ሲያደርግ እናያለን። በጭልጋና በዙሪያው በማንነት ጥያቄ ስም ደም ሲፈስ አይተናል። የሴት አያት የዘር ሐረግ እንደገና መሣሪያ ሆኗል፤ ልዩነቱ አሁን ማዶ የሚቀመጥ ተሟጋች የለም። ዩቲዩብ ላይ የሚቆጥር ሰው ቢሳሳት የሚያጣው መሬት የለውም። የሚያወግዘው እንጂ አንጓ በአንጓ የሚጠይቀው የለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ገበሬውን ከጭሰኝነትና ከማያልቅ ሙግት ገላግሎታል፤ ይህን የሚክድ ያለ አይመስለኝም። አብሮ ግን የሴት አያትን አባት ስም ለማስታወስ የነበረውን ምክንያት ወሰደው። ያኔ ወጣት ተሟጋች የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያ አልፎታል።

ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ልደት በቀበሌ ይመዘገባል፣ የእናትም ስም ይጻፋል። ለሚወለዱት ጥሩ ነው። ለቀደሙት ግን ያለን የአዛውንቱ ቃልና ወረቀቱ ነው። ደምቢያ፣ ጣቁሳ፣ አለፋ ወይም ጣና ማዶ ቤተሰብ ያላችሁ፣ አያታችሁ የተሟገቱበት የፍርድ ግልባጭ ወይም የግብር ደረሰኝ ሳጥን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ፎቶ አንሱት። ቀኑ፣ የመዝገቡ ቁጥርና ማኅተሙ ፎቶው ውስጥ ይግቡ። አያታችሁን ስትጠይቁም ዘራችን ከማን ነው ብላችሁ አትጀምሩ፤ ያኔ የምትሰሙት ራስና ደጃዝማች ነው። ይልቅ የትኛው ማሳ በእናት በኩል የመጣ ነበር፣ ማንስ ተሟገተበት ብላችሁ ጠይቁ። የተረታው ወገን ቤተሰብ በሕይወት ካለ እሱንም ጠይቁ።